ፕላስቲክን ከፕላስቲክ ውሃ በማያሳልፍና በሚለጠጥ መጋጠሚያ ማያያዝ፦ ዝርዝር መመሪያ

ከፒያሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባሉት ግቢዎች ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ሥራ ይደጋገማል። ባለፈው ዓመት በሲሊኮን የተደፈነው የአሸንዳ መጋጠሚያ ተልጦ ይገኛል፤ የሮቶው መውጫ ዙሪያውን ያንጠባጥባል፤ ባለቤቱም አዲስ ሲሊኮን ገዝቶ በአሮጌው ላይ ይለቀልቃል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውሃው መንገዱን ያገኛል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሲሊኮኑ አይደለም። ፕላስቲኩ ሳይለይ፣ ክፍተቱ ሳይለካና ገጹ ሳይጸዳ የተጀመረ ሥራ ገና የሲሊኮኑ ቱቦ ሳይከፈት ተበላሽቷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይፈጽሙ፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን አራቱን አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ፕላስቲኩን ይለዩ

በዕቃው ሥር ወይም ጎን ላይ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይፈልጉ፤ በውስጡ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ተጽፏል። 2 እና 4 ፖሊኢትሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 3 ፒቪሲ ነው። ፖሊካርቦኔት የሚገኘው በ7 ውስጥ ነው።

ምልክቱ ከሌለ ወይም ከጠፋ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ከማይታይ ጠርዝ ላይ የጥፍር ያህል ቁራጭ በቢላዋ ይቁረጡ።
2. በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ። ሳሙናው ከሌለ የአየር አረፋ ተለጥፎ ሰማጩን ቁራጭ ሊያንሳፍፍ ይችላል።
3. ቁራጩን በጣትዎ ውሃው ውስጥ አጥልቀው ይልቀቁት።

ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከሰመጠ ፒቪሲ፣ ፖሊካርቦኔት ወይም ከእነዚህ ጋር የሚመደብ ሌላ ፕላስቲክ ነው። ሮቶ፣ ሰማያዊው በርሜልና ጀሪካን ይንሳፈፋሉ፤ የፕላስቲክ አሸንዳና ግራጫው የፍሳሽ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ይሰምጣሉ። አንዳንድ ባለሙያ ጫፉን አቃጥሎ በሽታው ይለያል፤ እኔ አልመክርም፤ የፒቪሲ ጭስ አሲድ ያለበት ነው፤ ጉሮሮን ይጎዳል።

ይህ ልዩነት የቀረውን ሥራ ሁሉ ይወስናል። ተንሳፋፊዎቹ ፕላስቲኮች ገጻቸው ሰም የተቀባ ያህል ስለሆነ ሲሊኮንም ሆነ ማስቲሽ ወይም ሱፐር ግሉ በአስተማማኝ ሁኔታ አይዛቸውም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ጫፉን በጥፍር አንሥተው ቢስቡት እንደ ጥብጣብ ይላቀቃል።

ደረጃ 2፦ ዘዴውን ይምረጡ

የሚሰምጠውን ፕላስቲክ በሚለጠጥ ማሸጊያ (እንደ ሲሊኮን ባለ ከቱቦ በሚወጣ መድፈኛ) ያያይዙ፤ ከደረጃ 3 እስከ 6 ያለው ለእሱ ነው። የሚንሳፈፈውን በጎሚኒ (ውሃ በሚያግድ ጠፍጣፋ የጎማ ቀለበት) እና በዳዶ አጥብቀው ይጫኑት (ደረጃ 7)፣ ወይም በሙቀት ያዋህዱት (ደረጃ 9)። የፍሳሽ ቱቦን ደግሞ በጎማ ቀለበቱ ይግጠሙት (ደረጃ 8)።

የፒቪሲ ኮላ ከዚህ ዝርዝር የጠፋው ተረስቶ አይደለም። ኮላው ሁለቱን ገጾች አሟሙቶ አንድ ስለሚያደርጋቸው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አይለጠጥም። በግድግዳ ውስጥ ለተቀበረ የውሃ መስመር ተገቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘውን ረጅም አሸንዳ በኮላ ካጣበቁት ግን መጋጠሚያው ባይሰነጠቅ እንኳ ጎኑ ይሰነጠቃል።

ማሸጊያ ሲገዙ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛ፣ በቱቦው ላይ «ኒውትራል» የሚል ይሁን። «አሴቶክሲ» የሚባለው ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል፤ ፖሊካርቦኔትን ሊሰነጥቅ፣ ብረትንም ሊያዝግ ይችላል። ሁለተኛ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ያንብቡ፤ በመርካቶ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ቱቦ ቀኑ ባያልፍም እንኳ ውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል ከጥላ ውስጥ የተቀመጠውን ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከተጫነ በኋላ ቀለም የሚቀቡ ከሆነ ሲሊኮን አይግዙ፤ ቀለም አይዝለትም። ለዚያ ኤም ኤስ ፖሊመር ወይም ፖሊዩሬታን የሚባለው ማሸጊያ ይሻላል፤ ፖሊዩሬታን ግን ያለ ቀለም ፀሐይ ላይ ከተተወ ይወይባል።

ደረጃ 3፦ ክፍተቱን ያስሉ

ብዙ ሰው ሁለቱን ቁራጮች ጠርዝ ለጠርዝ አስጠግቶ፣ ከላይ ቀጭን መስመር ቀብቶ ይጨርሳል። መጋጠሚያው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ማሸጊያ የሚለጠጠው ውፍረትና ስፋት ሲኖረው ብቻ ነው።

ፒቪሲ በሙቀት የአንድ ሜትር ርዝመቱ በየ10 ዲግሪው 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የበጋ ሌሊት በአዲስ አበባ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚመታው ጠቆር ያለ ፕላስቲክ ገጹ 50 ዲግሪ ይደርሳል ብለን እንያዝ። ልዩነቱ 40 ዲግሪ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ በዚህ መካከል 2.8 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ሥራውን መካከለኛ ሙቀት ባለበት ሰዓት ከሠሩት መጋጠሚያው ወደ አንድ ወገን 1.4 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ሌላውም እንዲሁ ይሄዳል። የማሸጊያው ጽሑፍ 25 በመቶ ይለጠጣል ካለ 1.4ን በ0.25 ያካፍሉ፤ 5.6 ይመጣል። ስለዚህ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋሉ።

ያንኑ ስሌት ለ3 ሜትር አሸንዳ ቢሠሩት ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ያን የሚያህል ክፍተት በማሸጊያ መሙላት አይቻልም ባይባልም ሥራው አያምርም፣ ዕድሜም የለውም። ለረጅም አሸንዳ በውስጡ የጎማ መስመር ያለውን፣ ሁለቱ ጫፎች የሚንሸራተቱበትን ማያያዣ ይግዙ፤ ማሸጊያውን ለአጫጭር ቁራጮች፣ ለማዕዘንና ለመክደኛ ብቻ ያውሉት።

ጥልቀቱን በተመለከተ፦ ክፍተቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥልቀቱም 6 ይሁን። 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥልቀቱ የስፋቱ ግማሽ ይሁን፤ ከ6 ግን አይነስ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ በ6 በ6 መስመር 8 ሜትር ያህል፣ በ12 በ6 መስመር ደግሞ 4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚህ እጅግ የበለጠ ከተዳረሰልዎ ቀጭን ቀብተዋል ማለት ነው።

ማሸጊያው ከሥር እንዳይጣበቅ ያድርጉ። ማሸጊያው ሁለቱን ጎኖች ብቻ መያዝ አለበት። ላስቲክን በሁለት ጫፎቹ ይዘው ቢስቡት ይለጠጣል፤ ሆዱን ጠረጴዛ ላይ አጣብቀው ቢስቡት ግን ይቀደዳል። ስለዚህ ክፍተቱ ጥልቅ ከሆነ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ለስላሳና የሚጠቀለል ነጭ ፎም (የሚፈረፈረውን ደረቅ ፎም ሳይሆን) ከክፍተቱ በሩብ ያህል ወፈር አድርገው ጠቅልለው እስከሚፈለገው ጥልቀት ይጠቅጥቁት። ክፍተቱ ጠባብና ሥሩ ድፍን ከሆነ ተራ የካርቶን ስኮች በክፍተቱ ልክ ቆርጠው ሥሩ ላይ ይለጥፉ። ፎሙም ስኮቹም ከእነዚያ ተንሳፋፊ ፕላስቲኮች የተሠሩ ናቸው፤ ማሸጊያ የማይዛቸው መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን።

ደረጃ 4፦ ያጽዱ

1. አሮጌ ማሸጊያ ካለ በቢላዋ ቆርጠው፣ ቅሪቱን ፍቀው ያውጡ። በአሮጌ ሲሊኮን ቀጭን ሽፋን ላይ ሌላ ዓይነት ማሸጊያ አይዝም፤ አዲስ ሲሊኮንም ቢሆን የሚይዘው በጥቂቱ ነው።
2. በፈሳሽ ሳሙናና በለብ ያለ ውሃ አጥበው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁ።
3. ማሸጊያው የሚያርፍባቸውን ሁለት ጎኖች ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነጸብራቁ እስኪጠፋ ይሹ። ብርሃን የሚያሳልፍ ፖሊካርቦኔት ከሆነ ጭረቱ እንዳይታይ ከመስመሩ አይውጡ።
4. አንድ ነጭ ጨርቅ በአልኮል አርሰው ገጹን ይጥረጉ፤ አልኮሉ በራሱ ሳይተን ወዲያውኑ በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ ያንሡት። በራሱ ከተነነ ያሟሟውን ቅባት እዚያው መልሶ ያስቀምጠዋል።
5. ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ደጋግመው፣ በየጊዜው አዲስ ገጽታ እያገላበጡ ይሥሩ። ከዚያ በኋላ በጣትዎ አይንኩት።

ማስጠንቀቂያ፦ በቤንዚን አይጥረጉ፤ የቅባት ሽፋን ይተዋል። ቲነርና አሴቶን ፖሊካርቦኔትን ያደበዝዛሉ፣ ይሰነጥቃሉም። አልኮልም ቢሆን ተቀጣጣይ ስለሆነ ከምድጃና ከሲጋራ ይራቅ።

ደረጃ 5፦ ማሸጊያውን ያስገቡ

ሰዓቱን ይምረጡ። በደረቅ ቀን፣ ጤዛው ከጠፋ በኋላና ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምሩ። በቀትር ከሠሩት ፕላስቲኩ ረዝሞ ክፍተቱ ጠብቦ ሳለ ይሞሉታል፤ ሌሊት ሲሰበሰብ ማሸጊያው ከልኩ በላይ ይሳባል።

1. ከክፍተቱ ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ቀጥ አድርገው ይለጥፉ።
2. የቱቦውን አፍ ከክፍተቱ ስፋት ጥቂት አጥብበው፣ 45 ዲግሪ አጋድመው ይቁረጡ።
3. አፉን ወደ ክፍተቱ አስገብተው ከሥር ወደ ላይ እንዲሞላ በእኩል ግፊት ይግፉት። የሚወጣው ማሸጊያ ከአፉ ፊት ፊት እንደ ትንሽ ሞገድ እየተነፋ መሄድ አለበት፤ ሞገዱ ከጠፋ ፈጥነዋል፤ ከሥሩ አየር ቀርቷል።
4. ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይሂዱ። ማቋረጥ ግዴታ ከሆነ በማዕዘን ላይ ሳይሆን በቀጥታው መስመር መሀል ያቁሙ።
5. ማንኪያ ጀርባ ወይም ጣት በሳሙና ውሃ በጥቂቱ አርሰው አንድ ጊዜ፣ በዛ ቢባል ሁለት ጊዜ ጫን ብለው ያስተካክሉ። የሳሙና ውሃው ገና ማሸጊያ ባልነካው ገጽ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ፤ የነካው ቦታ አይዝም።
6. ፕላስተሩን ወዲያውኑ፣ ማሸጊያው ቆዳ ሳያወጣ፣ ወደ ጎን አጋድመው ይላጡ። ብዙዎቹ ማሸጊያዎች በ10 ደቂቃ አካባቢ ቆዳ ማውጣት ይጀምራሉ።

ደረጃ 6፦ ይጠብቁ

እነዚህ ማሸጊያዎች የሚደርቁት ከአየር እርጥበት እየወሰዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በ24 ሰዓት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጠነክራል። 6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር እንግዲህ በትንሹ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ደግሞ አምስት ቀን ይስጡት። ላይ ላዩን ነክተው «ደርቋል» አይበሉ። በእነዚህ ቀናት ዕቃው እንዳይነቃነቅ በገመድ ወይም በእንጨት ደግፈው ያስሩት።

ደረጃ 7፦ ሮቶና በርሜል፦ በጎሚኒ ማጥበቅ

እዚህ ላይ ሲሊኮኑን ወደ ሳጥኑ ይመልሱት። ውሃውን የሚያቆመው በሁለት ገጾች መካከል የተጫነ ጎማ ነው።

1. ለታንክ የተሠራውን ባለጎሚኒ ማያያዣ ይግዙ፤ ጎሚኒው ከሌለው ከመኪና ካላማዳሪ ቆርጠው ማዘጋጀት ይቻላል፤ ለሚጠጣ ውሃ ግን አዲስና ለዚሁ የተሠራ ጎሚኒ ይጠቀሙ።
2. በሮቶው ላይ ጠፍጣፋውን ቦታ ይምረጡ። በክብ ገጽ ላይ ጎሚኒው በሁለት ጎን ይጫናል፣ በሁለት ጎን ክፍት ይቀራል።
3. የማያያዣውን ጥርስ የውጭ ስፋት በካሊፐር ለክተው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ የሚበልጥ ቀዳዳ በድሪል ላይ በሚገጠም ክብ የቀዳዳ መጋዝ ይብሱ። በጋለ ብረት አይብሱ፤ ጠርዙ ያብጣል፣ ጎሚኒውም አይተኛም።
4. የቀዳዳውን ጠርዝ በሁለቱም ወገን በቢላዋ ያለስልሱ። በጣትዎ ዞሮ ሲዳሰስ የሚቆነጥጥ ነገር መኖር የለበትም።
5. የማያያዣውን ጭንቅላት ከሮቶው ውስጥ ያስገቡ። ጎሚኒው በጭንቅላቱና በሮቶው ውስጠኛ ገጽ መካከል፣ ማለትም በውሃው ወገን ይሁን። ጎሚኒውን በዳዶው በኩል ብቻ ካደረጉት ውሃው በጥርሱ መካከል ተከትሎ ይወጣል።
6. አንድ ሰው ከውስጥ ጭንቅላቱን ይያዝ፤ ሌላው ከውጭ ዳዶውን በእጅ እስኪጠብቅ ድረስ ያዙር። ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ ዙር ብቻ ይጨምሩ። ጎሚኒው ከጠርዙ በእኩል ጥቂት ብቅ ሲል ይቁሙ። በአንድ ወገን ተጨፍልቆ ከወጣ ከልክ አልፏል፤ ፈትተው አስተካክለው እንደገና ይግጠሙ።
7. በማግስቱ ትንሽ ጠበቅ ያድርጉት። ፖሊኢትሊን ሲጫኑት ቀስ እያለ ስለሚሰረጉድ መጀመሪያ የጠበቀው ይላላል።

የፕላስቲክ ጥርስን በቴፍሎን ብቻ ይጠምጥሙ፤ ከጫፉ ፊት ለፊት ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ፣ 4 ወይም 5 ዙር በቂ ነው። ካናፓ (በብረት ቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመውን የቃጫ ክር) አይጠቀሙ። እኔ ራሴ ለብረት የለመድሁትን ይዤ በፕላስቲክ ሴቴ ጥርስ (ጥርሱ በውስጥ በኩል ባለ መጋጠሚያ) ውስጥ ካናፓ ጠቅጥቄ አውቃለሁ፤ ማታ አንድ ጠብታ አልነበረም፤ ጠዋት ካናፓው ውሃ ጠጥቶ አብጦ ሴቴውን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆት፣ ደረጃው በሙሉ ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ሮቶው ራሱ መንቀሳቀሱ ነው። ሲሞላ ሆዱ ይነፋል፣ ሲጎድል ይሰበሰባል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይሆናል። ከመውጫው ላይ በቀጥታ የብረት ቧንቧ ገጥመው ቧንቧውን ከግድግዳ ጋር ካሰሩት ጎሚኒው በየጊዜው ይጠመዘዛል። በመካከሉ አጭር ፍሌክሲብል ያስገቡ፤ የከባድ ቫልቩን ክብደትም በድጋፍ ያሳርፉት።

ደረጃ 8፦ የፍሳሽ ቱቦ በጎማ ቀለበት

ቱቦውን በሴጌቶ ቀጥ አድርገው ቆርጠው ጫፉን ዙሪያውን በሞረድ ወደ ውስጥ ያጋድሉ፤ ስለት ያለው ጫፍ ቀለበቱን ገፍቶ ያወጣዋል። ቀለበቱና መቀመጫው ከአሸዋ ንጹሕ ይሁኑ። ጫፉን በፈሳሽ ሳሙና ይቀቡ፤ ዘይትና ግሪስ ጎማውን ሊያበላሹ ስለሚችሉ አይቀቡ። እስከ መጨረሻው ገፍተው በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ 10 ሚሊ ሜትር ያህል መልሰው ይሳቡት። ያ ክፍተት ቱቦው ሲሞቅ የሚረዝምበት ቦታ ነው።

ደረጃ 9፦ የተሰነጠቀ በርሜልን በሙቀት ማዋሃድ

የሚሠራው ለተመሳሳይ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ፒቪሲን በዚህ መንገድ ቤት ውስጥ አይሞክሩ። ከምናለሽ ተራ የተገዛ በርሜል ከሆነ ቀድሞ ምን እንደያዘ ይጠይቁ፤ ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበትን አያሙቁ፣ ለሚጠጣ ውሃም አያውሉ።

በስንጥቁ ጫፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ ያለዚያ ስንጥቁ ከጥገናው አልፎ ይሄዳል። ስንጥቁን በቢላዋ እንደ «ቪ» ይክፈቱ፣ ገጹን ወዲያው ሥራው ሲጀመር ይፋቁ፤ ከዚያው በርሜል አፍ የተቆረጠ ቀጭን ክር ይዘው፣ በ300 ዲግሪ አካባቢ በተስተካከለ የሙቅ አየር መሣሪያ ክሩንና ስንጥቁን አንድ ላይ እያለሰለሱ ይጫኑ። የሚያብረቀርቅ ግን የማይጨስ ገጽ ይፈልጉ። ከጨሰ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለውን ፍቀው ይጀምሩ። ሲያልቅ በውሃ አያቀዝቅዙ።

ደረጃ 10፦ ይፈትሹ

ሮቶውን በአንድ ጊዜ አይሙሉ። ከመውጫው በላይ አንድ ክንድ ያህል ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩ። ጠዋት በደረቅ ሶፍት የመጋጠሚያውን ሥር ዙሪያ ይጫኑ፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያል። ለአሸንዳ ደግሞ ሁለቱን ጫፎች ደፍነው በባልዲ ይሙሉ።

ሲበላሽ

ማሸጊያው ከአንድ ጎን ብቻ ከተላቀቀ ያ ጎን አልጸዳም፣ ወይም ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ነው። ቁራጭ ቆርጠው በውሃ ውስጥ እንደገና ይፈትሹ፤ በላዩ ግን አይለቅልቁ።

መሀሉ ከተቀደደና ሁለቱ ጎኖች ከያዙ ክፍተቱ ጠቧል፣ ወይም ሥሩ ላይ ስኮች አልተደረገም። ሙሉውን አውጥተው ክፍተቱን ያስፉ።

ከሳምንት በኋላም እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ቱቦው ያረጀ ነው። መጠበቅ አያደርቀውም፤ ፍቀው በአልኮል ጠርገው በአዲስ ይተኩ።

አረፋ ካወጣ ገጹ እርጥብ ነበር ወይም ፀሐይ ላይ ሠርተዋል። አረፋው ያለበትን ክፍል ብቻ በሹል ቢላዋ ቆርጠው ከሁለቱም ወገን ጤነኛው መስመር ላይ ሁለት ጣት ያህል ጨምረው ያውጡና ከዚያው ዓይነት ማሸጊያ ይሙሉ።

ጎሚኒው ካጠበቁት በኋላም ካንጠባጠበ መፍቻውን ያስቀምጡና ሮቶውን ያጉድሉ። ፈትተው ጎሚኒውን ወደ ብርሃን ይያዙት፤ የተጫነበት ምልክት ዙሪያውን ሳይቋረጥ ከታየ ውሃው የሚወጣው በጥርሱ በኩል ነው፤ ምልክቱ በአንድ ቦታ ከተቋረጠ ግን ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን የቀዳዳ ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ያልተላገ ፍርፋሪ ያገኛሉ።